በትዊክንሃም በር ላይ፦ የሴሜሳ ሮኮዱጉኒ ጉዞና የፊጂ ራግቢ ሒሳብ

ኖቬምበር 19 ቀን 2016 በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው የትዊክንሃም ስታዲየም እንግሊዝና ፊጂ በራግቢ ተገናኙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊጂዎች ከግጥሚያ በፊት የሚያሰሙት «ሲቢ» የሚባል የጦር ጭፈራ አላቸው። የእኛን ፉከራ የሚያውቅ ሰው ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ መሬቱ ይረገጣል፣ ክንድ ይወነጨፋል። ተጋጣሚው ቡድን በመስመር ቆሞ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። በዚያን ቀን በእንግሊዝ በኩል ከቆሙት አንዱ ግን አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አልነበረም። ሴሜሳ ሮኮዱጉኒ ይባላል። የተወለደው ከፊጂ ዋና ከተማ ከሱቫ ብዙም በማይርቀው፣ የሬዋ ወንዝ በሚያልፍበት በናውሶሪ ነው።

80 ደቂቃው ሲጠናቀቅ ውጤቱ 58 ለ 15 ሆነ። እንግሊዞች ዘጠኝ ጊዜ ኳሱን ከፊጂ መስመር አሻግረው መሬት አስነክተዋል። ከዘጠኙ ሁለቱ የሮኮዱጉኒ ነበሩ።

ከውጤቱ ይልቅ አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ግን ሌላ ቁጥር ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች በዚያ ሰሞን እንደጻፉት፣ አንድ የእንግሊዝ ተጫዋች ለዚያች አንዲት ግጥሚያ 22 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይከፈለዋል፤ አንድ የፊጂ ተጫዋች ደግሞ 400 ፓውንድ። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። የሃያ ሦስቱ የፊጂ ተሰላፊዎችና ተቀያሪዎች ክፍያ በአንድ ላይ ቢደመር 9,200 ፓውንድ ነው፤ የአንድ እንግሊዛዊ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ሃምሳ አምስት እጥፍ ነው። ከሦስት ወር በፊት ይኸው የፊጂ ራግቢ በሪዮ ኦሎምፒክ የሰባት ተጫዋቾች ውድድር ፍጻሜ ታላቋ ብሪታንያን 43 ለ 7 ረትቶ ለአገሪቱ በታሪኳ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ፣ ያውም ወርቅ፣ አምጥቶ ነበር። የፊጂ ባንክ ለመታሰቢያ ባለ 7 ዶላር የገንዘብ ኖት እስከማተም ደርሷል። እንግዲህ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ጨዋታ ያላት አገር ልጆች ናቸው በ400 ፓውንድ የወጡት።

ስለ ሮኮዱጉኒ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው «ለምን ለአገሩ አልተጫወተም?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ጥያቄው የተሳሳተ ቦታ ላይ የተተከለ ይመስለኛል። ማሊያው የማን ነው ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት የስታዲየሙ በር የማን ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ራግቢን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኳሱ እንቁላል የመሰለ ሞላላ ነው። በአንድ ቡድን አሥራ አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳሱን የያዘውን ሰው አንገቱን ሳይነኩ ይዞ መጣል ሕጋዊ ነው። ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር አሻግሮ መሬት ማስነካት «ትራይ» ይባላል፤ አምስት ነጥብ ያስገኛል። ሮኮዱጉኒ የክንፍ ተጫዋች ነበር፤ ማለትም በሜዳው ጠርዝ ቆሞ ኳሱ ሲደርሰው በሩጫም በጉልበትም ሰው አልፎ የሚጨርስ። ይህ ቦታ ለፊጂዎች የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ፣ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት አገር ለፈረንሳይ፣ ለእንግሊዝ፣ ለኒውዚላንድና ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድኖች ሳይቀር የክንፍ ተጫዋች ስታቀርብ ኖራለች።

ጨዋታው ወደ ደሴቶቹ የገባው በወታደር እጅ ነው። በ1884 ባ በተባለችው ሥፍራ አውሮፓውያንና ፊጂያውያን ወታደሮች መጫወታቸው ይነገራል። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው በ1970 ነው። ወታደር ያመጣውን ጨዋታ የተካነ ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወታደር ሆኖ ወደ ብሪታንያ መሄዱ ታሪክ የሠራው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ቀልድ አይደለም፤ መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ነው። የብሪታንያ ጦር በ1961 ሁለት መቶ የሚያህሉ ፊጂያውያንን መልምሎ ወስዷል። ከእነዚያ መካከል ሳጅን ታላያሲ ላባላባ የተባለው በ1972 በኦማን ሚርባት በተባለችው ከተማ አንድ መድፍ ብቻውን ሲያገለግል ቆስሎ፣ በኋላም በዚያው ወደቀ። ዛሬ ናዲ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ የእሱን ሐውልት ያያል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ምልመላው እንደገና ሲከፈት ብዙ ወጣቶች ተሰለፉ፤ በብሪታንያ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉት ፊጂያውያን ቁጥርም ከሺህ አለፈ። በፊጂ መንደሮች የልጅ ተስፋ ሦስት መልክ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ የወታደር ደመወዝ፣ የራግቢ ውል፣ ወይም ሁለቱም።

ሮኮዱጉኒ ሁለቱንም ያዘ። በ2007 የብሪታንያን ጦር ተቀላቀለ፤ የተመደበው ሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ በተባለ የታንክ ክፍለ ጦር ነው። ወደ አፍጋኒስታንም ዘምቷል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን አባባል ማንም ሳያስተምረው ኖሮበታል ማለት ነው። ለጦሩ ቡድን ሲጫወት ያዩት የእንግሊዙ የባዝ ክለብ ሰዎች በ2012 አስፈረሙት፤ ጦሩም አላሰናበተውም። ከማዕረጉ ሳይወርድ፣ በምክትል አስር አለቃነቱ እንዳለ፣ ሙሉ ጊዜውን ሜዳ ላይ እንዲያሳልፍ ፈቀደለት። ጦሩ ይህን ያደረገው ከደግነት ብቻ አይደለም። ዩኒፎርም ለብሶ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የራግቢ ኮከብ ከብዙ የምልመላ ማስታወቂያ ይሻላል።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የፊጂ ቋንቋ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከአንዳንድ ፊደላት በፊት ሳይጻፍ የሚነገር የአፍንጫ ድምፅ አለ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሮኮዱጉኒ የሚመስለው ስም በናውሶሪ ሰው አፍ ሮኮንዱንጉኒ ነው። እንግሊዞች ይህን ሁሉ ድካም ጥለው «ሮኮ» ብለው አሳጠሩት። ሰው አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ስም ከደመወዝ በፊት ይቆረጣል።

ለእንግሊዝ የተሰለፈው በነዋሪነት ሕግ ነው። በወቅቱ አንድ ተጫዋች በአንድ አገር 36 ወር በተከታታይ ከኖረና ከዚያ በፊት ለሌላ አገር ዋና ቡድን ካልተጫወተ፣ ለሚኖርበት አገር መጫወት ይችል ነበር። በኖቬምበር 2014 ከኒውዚላንድ ጋር በትዊክንሃም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ እንግሊዝ 24 ለ 21 ተሸነፈች። ከቲም ሮድበር ወዲህ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ለእንግሊዝ ሲሰለፍ የመጀመሪያው እሱ ነበር። ጋዜጦቹ በደስታ ዘለሉ። ታንክ፣ አፍጋኒስታን፣ ትራይ፤ ታሪኩ ራሱን የሚጽፍ ነበር። ከዚያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጸጥታ ሆነ። እንደገና የተጠራው ከላይ ወዳነሣሁት ግጥሚያ፣ የገዛ አገሩን ልጆች እንዲገጥም ነው።

ሁለት ትራይ አስቆጥሮ በቀጣዩ ሳምንት ከአርጀንቲና ጋር አልተሰለፈም። አሠልጣኙ ኤዲ ጆንስ ሌሎች መረጡ። ዓመት ቆይቶ በኖቬምበር 2017 ከአርጀንቲና ጋር በተደረገ ሌላ ግጥሚያ ተቀይሮ ገባ። የዚያን ቀን እንግሊዝ 21 ለ 8 ስታሸንፍ ሁለት ትራይ ብቻ ነበራት። አንዱን ያስቆጠረው ሮኮዱጉኒ ነው፤ ሌላውን ደግሞ ናታን ሂዩዝ። ሂዩዝ የተወለደው ላውቶካ ነው፤ ፊጂ ውስጥ። በዚያን ቀን የእንግሊዝ ትራይ ሁሉ በፊጂ ተወላጆች እጅ ነበር ማለት ነው። በዚያው ወር ከሳሞአ ጋር ተሰለፈ፤ አንድ ትራይ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲያ አልተጠራም። በሦስት ዓመት አራት ግጥሚያ፣ አራት ትራይ። ከሳሞአ ጋር በተደረገው ግጥሚያም ያው የክፍያ ወሬ ተመልሶ መጣ፦ ለእንግሊዛዊው 22 ሺህ፣ ለሳሞአዊው 650 ፓውንድ። ከአራቱ ግጥሚያዎቹ ሁለቱ ከፓስፊክ ደሴቶች ጋር መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንዲህ ያሉ ግጥሚያዎች ለታላላቆቹ ቡድኖች ሌላ ተጫዋች የሚሞከርባቸው ቀናት ናቸው፤ ደሴተኛን በደሴተኛ መሞከር ደግሞ ማንም ያሰበበት ባይሆንም የሆነው ነገር ነው።

ሰውየው ከሐዲ ነው? ይህን የሚለው የወር ደመወዝ ያለው ሰው ነው። የእንግሊዝን ማሊያ ሲለብስ በብሪታንያ ጦር ውስጥ ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ ለንግሥቲቱ ምሏል፤ ግብሩን ከፍሏል። የኖረበት አገር ጠራው፣ ሄደ። በሌላ በኩል «እንግሊዝ ሰረቀችው» ማለትም አይሆንም። ከፊጂ የወሰደው የራግቢ አዳኝ አልነበረም፤ የጦር መልማይ ነው። ራግቢው በኋላ የመጣ ትርፍ ነው።

ዓለም አቀፉ የራግቢ ማኅበር፣ ወርልድ ራግቢ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገር አድርጓል። የ36 ወሩን ነዋሪነት ወደ 60 ወር ከፍ አደረገው። እንዲሁም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ አገር የተጫወተ ሰው ሦስት ዓመት ከብሔራዊ ቡድን ርቆ ከቆየ ወደ ተወለደበት ወይም ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ወደ ተወለዱበት አገር ቡድን አንድ ጊዜ እንዲዛወር ፈቀደ። ሁለተኛው ሕግ ለደሴቶቹ ብዙ ጠቅሟል፤ በተለይ ቶንጋ ቀደም ሲል ለኒውዚላንድና ለአውስትራሊያ የተሰለፉ ልጆቿን መልሳ አግኝታለች። ለሮኮዱጉኒ ግን የዘገየ ዝናብ ነው። ሕጉ ሲወጣ 34 ዓመቱ ነበር፤ ለክንፍ ተጫዋች ይህ ዕድሜ ማምሻ ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ነገር ከሩጫ የታወቀ ነው። ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የሮጠችው ለባሕሬን ነው። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በስደት በደረሰችበት በኔዘርላንድ ስም በቶኪዮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳለች። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም በ2017 ዜግነት መቀየርን ለጊዜው አግዶ፣ በኋላ ቢያንስ የሦስት ዓመት መጠበቂያ አስቀምጧል። ሦስት ዓመት፤ ልክ እንደ ራግቢው። ንጽጽሩ ግን ከዚህ አያልፍም። አንድ የኢትዮጵያ ሯጭ በለንደን ማራቶን ብታሸንፍ ሽልማቱ የራሷ ነው፤ የአንደኛነቱ ሽልማት ለእንግሊዛዊትም ለኢትዮጵያዊትም አንድ ነው። በራግቢ ግን አንድ ዓይነት ሜዳ ላይ፣ አንድ ዓይነት 80 ደቂቃ፣ አንድ ዓይነት ስብራት የሚጠብቃቸው ሁለት ሰዎች የሚከፈላቸው በተጫወቱት ልክ ሳይሆን ማኅበራቸው ባለው ስታዲየም ልክ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ከዓለም ዋንጫ ውጭ በሚደረጉ የብሔራዊ ቡድን ግጥሚያዎች ልማዱ ባለሜዳው የበሩን ገቢ ጠቅልሎ መውሰዱ ነው። ትኬቱ፣ ቢራው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የቴሌቪዥኑ ውል፣ ሁሉም የባለሜዳው ነው። እንግዳው ቡድን ዕዳውን ይዞ ይመጣል፣ ደረሰኙን ይዞ ይመለሳል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት «ዛሬ እኔ ዘንድ ትመጣለህ፣ ነገ እኔ አንተ ዘንድ እመጣለሁ፤ ያኔ አንተ ትወስዳለህ» የሚል ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ይህ ፍትሐዊ ነው። ፓሪስም ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ አላት። ትዊክንሃም 82 ሺህ ሰው ያስገባል፤ የሱቫው ብሔራዊ ስታዲየም 15 ሺህ ገደማ። እንግሊዝ ነገ ሱቫ ብትመጣ እንኳ (መምጣቷም ብርቅ ነው) ለንደን ላይ የተከፈለው በሱቫ ዋጋ አይመለስም። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። ፊጂ ላሟን በሰማይ ሳይሆን በቴሌቪዥን ነው የምታያት።

ይህን ለመለወጥ ድምፅ ያስፈልጋል። ወርልድ ራግቢን በሚመራው ምክር ቤት ታላላቆቹ አገሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ድምፅ አላቸው። ፊጂ የራሷን መቀመጫ ያገኘችው በ2018 ነው፤ እሱም በአንድ ድምፅ። ስለ ማሊያ የሚወጡ ሕጎች በየጊዜው የሚሻሻሉት፣ ስለ በር ገቢ የሚነሣው ጥያቄ ግን የሚንከባለለው ለዚህ ይመስለኛል። የማሊያው ሕግ ለታላላቆቹ ብዙ አያስከፍልም፤ የበሩ ያስከፍላል።

በክለብ ደረጃ ያለው ነገር ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ ገንዘቡ አለ፣ ችግሩ ገመዱ ነው። የፈረንሳይ ክለቦች ለፊጂዎች ጥሩ ይከፍላሉ። ሱቫ ውስጥ የእስር ቤት ጠባቂ የነበረው ሌቫኒ ቦቲያ በ2014 ላ ሮሼልን ተቀላቅሎ፣ በ2023 ደብሊን ላይ ክለቡ ከ17 ለ 0 ተነሥቶ ሌንስተርን 27 ለ 26 ሲረታና የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ ከመጀመሪያው ተሰልፎ ነበር። ከማረሚያ ቤት በር እስከ አውሮፓ ዋንጫ ያለው መንገድ እንዲህ ክፍት ነው። ነገር ግን የፈረንሳይ ሊግ ክለቦች በአገሪቱ የሠለጠኑ ተጫዋቾችን በብዛት እንዲይዙ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ ደንቡ የሚቆጥረው ፓስፖርትን ሳይሆን በለጋ ዕድሜ የት እንደሠለጠኑ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ልጁን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ካመጡት በቁጥሩ «ፈረንሳይ የሠለጠነ» ይሆናል። የፈረንሳዩ ክለብ ክሌርሞን፣ ናድሮጋ በተባለው የፊጂ ክፍለ አገር ማሠልጠኛ የከፈተው ለፊጂ ልማት አዝኖ ብቻ አይደለም። ከዚያ የወጡት ኖአ ናካይታቺና አሊቬሬቲ ራካ በኋላ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈዋል። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን በ2016 መጨረሻ ለብሔራዊ ቡድኑ የፈረንሳይ ፓስፖርት ግዴታ እንዲሆን ወስኗል፤ ክለቦቹ ግን መልማያቸውን ከደሴቶቹ አላስመለሱም።

ገመዱ የሚጠብቀው ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራ ነው። ሊዮኔ ናካራዋን እንውሰድ። እሱም የፊጂ ጦር ወታደር ነበር፤ የሪዮ ወርቅ አለው፤ በ2018 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ከ2019 የዓለም ዋንጫ በኋላ ከፊጂ ዘግይቶ ተመለሰ ብሎ የፓሪሱ ክለቡ ሬሲንግ 92 ውሉን አቋረጠበት። ሠራተኛ በቀጠሮ መመለስ እንዳለበት አልክድም፤ ክለቡም የራሱ ሕግ አለው። ግን የፊጂ ወጣቶች ከዚህ ምን እንደተማሩ መገመት አይከብድም። ደመወዝህ ፓሪስ ነው፣ ማሊያህ ሱቫ፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚበላህ የትኛው እንደሆነ አየኸው።

ለዚህ ሁሉ እስካሁን የተገኘው ሁነኛ መልስ ድሩዋ ነው። የፊጂ ድሩዋ ከ2022 ጀምሮ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ክለቦች ጋር በሱፐር ራግቢ የሚወዳደር፣ ተጫዋቾቹን በአገር ውስጥ የሚቀጥር ቡድን ነው። በሁለተኛ ዓመቱ፣ በማርች 2023፣ ክሩሴደርስን፣ የውድድሩን ኃያል ክለብ፣ ላውቶካ ላይ 25 ለ 24 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ የሄደው የፊጂ ቡድን ግማሽ ያህሉ ከድሩዋ የወጣ ነበር። ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በኦገስት 2023 ይህ ቡድን ትዊክንሃም ገብቶ እንግሊዝን 30 ለ 22 ረታ፤ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀጥሎ በዓለም ዋንጫው አውስትራሊያን 22 ለ 15 አሸነፈ፤ ይህ ከ1954 ወዲህ ያልታየ ነው። ሩብ ፍጻሜ ደርሶ እንግሊዝ 30 ለ 24 አስወጣችው። በጁላይ 2025 ደግሞ ስኮትላንድ ሱቫ ድረስ ሄዳ 29 ለ 14 ተሸንፋ ተመለሰች። ሮኮዱጉኒ ሁለት ትራይ ያስቆጠረበት የ58 ለ 15 ዘመን አልፏል። አንድ የናውሶሪ ልጅ ዛሬ አገሩ ሆኖ ደመወዝ ማግኘት ይችላል፤ ከፓሪስ ያነሰ ቢሆንም ደመወዝ ነው።

መንደሩ ግን አሁንም ውጭ ውጭ ማየቱን አልተወም። በ2022 ወደ ፊጂ በሐዋላ የገባው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን የፊጂ ዶላር በላይ ነው። ይህ የራግቢ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም፤ ነርሶች፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች፣ ፍራፍሬ ለቃሚዎች፣ ወታደሮች አሉበት። የወታደሮቹ ነገር ደግሞ የራሱ ምሬት አለው። የብሪታንያ ጦርን ለዓመታት አገልግለው ከዩኒፎርሙ ሲወጡ፣ በዚያው አገር በቋሚነት ለመኖር ለአንድ ሰው 2,389 ፓውንድ የቪዛ ክፍያ ይጠየቁ ነበር፤ አራት ራስ ቤተሰብ ያለው ወደ አሥር ሺህ ፓውንድ ይደርሳል። በ2020 ስምንት የፊጂ ተወላጅ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ከ2022 ጀምሮ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ወታደሮች ክፍያው ተነሥቶላቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ለሚስትና ለልጅ ግን አልተነሣም። ሮኮዱጉኒ ያለፈበት በር ትራይ ለማያስቆጥረው ወታደር ይህን ያህል ጠባብ ነበር። በአንድ ሰልፍ ቆመው ከማሉት መካከል ኳስ የሚችለው በጋዜጣ ወጣ፤ የማይችለው በኢሚግሬሽን ቢሮ ወረፋ ያዘ።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። በ2026 የሚጀመረው «ኔሽንስ ቻምፒዮንሺፕ» የተባለው አዲስ ውድድር አሥራ ሁለት ቡድኖችን ያቀፈ ሲሆን ፊጂ ከጃፓን ጋር ተጋብዛ ገብታበታለች። ለዓመታት ሲለመን የነበረው ይህ ነው፤ ከታላላቆቹ ጋር በመደበኛ ውድድር መጋጠም፣ በጁላይም ባለሜዳ ሆኖ መቀበል። የፊጂ ቡድን በጁላይ ወር የሚቀበላቸው ዌልስ፣ እንግሊዝና ስኮትላንድ ናቸው። ፕሮግራሙ ሲወጣ ግን ሦስቱ የፊጂ «የሜዳዋ» ግጥሚያዎች የተመደቡት በካርዲፍ፣ በሊቨርፑልና በኤዲንብራ ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፦ ትልቅ ሜዳ፣ ብዙ ትኬት፣ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የሚመች ሰዓት። የፊጂ ራግቢ ሰዎችን በዚህ መውቀስ ይከብደኛል። ለአሥርተ ዓመታት «በሩ ያለው ይወስዳል» ሲባሉ ኖረው፣ በመጨረሻ በሩ ወዳለበት ሄደው ተከራዩ።

እናም በፕሮግራሙ ላይ የፊጂ ስም መጀመሪያ ተጽፏል፤ እንግዳዋ እንግሊዝ ናት። ከሱቫ እስከ ሊቨርፑል ወደ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ባለሜዳው በአውሮፕላን ሁለት ቀን ተጉዞ ይደርሳል፤ እንግዳው ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል አይፈጅበትም።